የጥቁር አሜሪካውያንን የደም ግፊት ለመግታት፦ ፀጉር ቤት ወይስ ክሊኒክ?

በአሜሪካ ጥቁሮች ለመጀመሪያ ጊዜ በስትሮክ የመመታት ዕድላቸው የነጮችን እጥፍ ይጠጋል። ለዚህ ግንባር ቀደሙ ምክንያት ያልተገታ የደም ግፊት ነው። ልዩነቱን ለማጥበብ ገንዘቡ መጀመሪያ የት ይዋል? ሁለት ተከራካሪዎች አሉን፤ ደጋፊው ለፀጉር ቤቱ፣ ተቃዋሚው ለክሊኒኩ ይቆማሉ።

ደጋፊ፦ ሰውየው ክሊኒክ ካልመጣ፣ ሕክምናው ወደሚገኝበት ይሂድ። በሎስ አንጀለስ አካባቢ በ52 ፀጉር ቤቶች፣ የላይኛው ግፊታቸው 140 እና ከዚያ በላይ በሆነ 319 ጥቁር ወንዶች ላይ ተሞክሯል፤ ውጤቱ የታተመው በ2018 ነው። ፋርማሲስት እዚያው እየመጣ ይለካል፣ ከሐኪሞቻቸው ጋር በተደረገ ስምምነት መድኃኒት ያዛል፣ መጠኑን ይጨምራል። በ6 ወር የላይኛው ግፊት በአማካይ በ27 ወረደ። ፀጉር አስተካካዩ ምክር ሰጥቶ ሐኪም ዘንድ እንዲሄዱ በገፋፋቸው ዘንድ ግን የወረደው 9.3 ብቻ ነው። ከ130/80 በታች የደረሱትም 63.6 በመቶ ሲሆኑ፣ በሌላው ወገን 11.7 በመቶ ናቸው።

ተቃዋሚ፦ ቁጥሩን አልክድም። ግን ሁለቱም ቡድን የተቀመጠው ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ነበር እኮ! ልዩነቱን ያመጣው ፋርማሲስቱ ነው። ካይዘር ፐርማነንቴ የተባለው፣ ለአባላቱ መድንም ሕክምናም የሚሰጥ ድርጅት በሰሜን ካሊፎርኒያ ፀጉር ቤት ሳይገባ፣ ግፊታቸው የተገታ ታካሚዎችን በ2001 ከነበረበት 44 በመቶ ገደማ በ2009 ወደ 80 በመቶ አድርሷል። ያደረገው ይህን ነው፦ የታካሚዎች መዝገብ፣ ሐኪሙ ሁሉ የሚከተለው አንድ የመድኃኒት ቅደም ተከተል፣ ሁለት መድኃኒት በአንድ ክኒን፣ መድኃኒት ከተቀየረ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ያለ ክፍያ ዳግም ልኬት።

ደጋፊ፦ ለአባላቱ! መድን ያለው፣ በመዝገብ የተያዘ ሰው ነው። እኔ የምናገረው መዝገቡ ላይ ስለሌለው፣ ፀጉሩን ለመቆረጥ ግን ስለማይቀረው ነው።

ተቃዋሚ፦ ሴቶቹስ? እነሱም በስትሮክ ይመታሉ፤ ወንዶች ፀጉር ቤት ግን አያገኛቸውም። ደግሞ ልኬቱን አስቡት። ሰው ከመንገድ ገብቶ ወዲያው ይቀመጣል፣ እግሩ ተንጠልጥሏል፣ ወሬው አይቋረጥም፤ ሲያወሩ መለካት ብቻውን ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። ጡንቻማ ክንድ ላይ ጠባብ የግፊት መለኪያ መጠቅለያ ሲታሰር ደግሞ ሌላ ሐሰተኛ ጭማሪ ይመጣል። በዚያ ላይ መድኃኒት ሲታከል ጤነኛውን ሰው ያዞረዋል።

ደጋፊ፦ ይህ የሚታረም ስሕተት ነው፤ ክሊኒክም ውስጥ በየቀኑ ይፈጸማል። ከቁርጡ በፊት ጥግ ያለ ወንበር ላይ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ጀርባን መደገፍ፣ እግርን መሬት ማስነካት፣ ክንድን በልብ ከፍታ ማሳረፍ፣ በእጅጌ ላይ አለማሰር፣ ቢያንስ 1 ደቂቃ አራርቆ ሁለቴ መለካት። ትልቅ መጠቅለያም በቦርሳ ይገባል።

ተቃዋሚ፦ የደም ምርመራውስ? እንደ ኢንዳፓማይድ ያለ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ፖታሲየምን ያወርዳል፤ እንደ ሎሳርታን ያለው ደግሞ ከፍ ሊያደርገው፣ ኩላሊትንም ሊነካ ይችላል። ሳይመረመሩ መጠን መጨመር አደጋ ነው።

ደጋፊ፦ ሎስ አንጀለስ ላይ ፋርማሲስቶቹ ይህንንም እዚያው ፀጉር ቤት ይመረምሩ ነበር።

ተቃዋሚ፦ በጥናት ገንዘብ! በዋናነት አረጋውያንን የሚሸፍነው የመንግሥት የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ ፋርማሲስትን ራሱን ችሎ ለሕክምና እንደሚያስከፍል ባለሙያ አይቆጥርም። የጥናቱ በጀት ሲያልቅ ደሞዙን ማን ይከፍላል?

ደጋፊ፦ እንግዲያው ክርክራችን ከወንበሩ ወደ ክፍያ ሕጉ ዞሯል ማለት ነው። ሕጉ ይለወጥ ካሉ፣ እዚያ ላይ አንድ ነን።

ተቃዋሚ፦ ይለወጥ። የመጀመሪያው ፋርማሲስት ግን ክሊኒክ ውስጥ ይቀጠር፤ ሴቶቹም ይገኛሉና።