በበዓል ቀን ብቻ ለሚመረቁ ሐኪሞች የቀረበ ምስጋና

ሐኪም ለመሆን ዓመታት መማር ግድ ነው የሚል ካለ፣ ጣፋጭ በሚበዛበት በዓል ስኳር ካለበት ሰው አጠገብ ይቀመጥና ይይ። ትሪው ገና ሳይዞር አክስት፣ ጎረቤት፣ የጎረቤት እህት ሳይቀሩ ተመርቀው ይጠብቁታል። ካርድ አውጣ የለ፣ ደም ስጥ የለ። ማዘዣቸውም ለሁሉም አንድ ነው፦ «ለአንድ ቀን ምን ይሆናል? አንዲት ብቻ፣ በሞቴ!»

እጃቸው ይባረክ። በተለይ የሂሳብ ችሎታቸው ያስቀናል፤ አምስት ቤት የተበላች «አንዲት ብቻ» በነሱ ስሌት አሁንም አንድ ናት። ደም እንዲህ ያለ ሂሳብ አልተማረም። 330 ሚሊሊትር ለስላሳ ሲገባ 35 ግራም ገደማ ስኳር ብሎ ይመዘግባል፤ ወደ 9 የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። ክሬም የተቀባ አንድ ቁራጭ ኬክ ከ40 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት ቢይዝም አይገርምም።

የተፈጥሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶቹም አይረሱ። «ይሄ እኮ ማር ነው፣ ስኳር አይደለም» ይላሉ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ከ12 እስከ 13 ግራም ሲመዝን፣ በዚያው ማንኪያ የተቀዳ ማር 17 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ከስኳር ሸሽቶ ማር ላይ ያረፈ ሰው አተረፈ ማለት ነው፤ ትርፉም 4 ግራም። «ስኳር የሌለው» የተባለውን ብስኩት ያዘዙለትም ዱቄቱን ረስተውታል፤ ዱቄት ሆድ ውስጥ ግሉኮስ ይሆናል። በስኳሩ ፋንታ ማልቲቶል ወይም ሶርቢቶል የሚባል ማጣፈጫ ከገባበትና ሰውየው ፓኬቱን ከጨረሰው ደግሞ ማታውን ሽንት ቤት ያሳልፋል።

ሕመምተኛውም ከምስጋናው ድርሻውን ይውሰድ። ለማታው ጣፋጭ ቦታ ይተርፍ ብሎ ቁርስና ምሳ ይዘላል፤ ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የጠዋት የስኳር ክኒን ወይም ኢንሱሊኑን ግን እንዳለ ይወስዳል። መድኃኒቱ ምግብ መጣም ቀረም የደም ስኳር ማውረዱን አይተውም። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። ያኔ መለካት ነው፤ በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ከሆነ 15 ግራም ፈጣን ስኳር፣ ማለትም 120 ሚሊሊትር ጭማቂ ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ 15 ደቂቃ ቆይቶ እንደገና መለካት፣ ካልወጣ መድገም። ሐኪሞቻችን ግን ቸኮሌት ያጎርሱታል፤ ስቡ ስኳሩን እንደሚያዘገየው ማን ይንገራቸው። በ3 ደቂቃ ለውጥ ሲያጡ ለስላሳ፣ ቀጥሎ ኬክ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ 300። ራሱን ቢስት እንኳ አፉን ፈልቅቀው ሊያጠጡት ይሽቀዳደማሉ። በዚያች ሰዓት በአፍ የሚሰጥ ነገር ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ በጎኑ አስተኝቶ አምቡላንስ መጥራት ግን ለእንደነሱ ያለ ባለሙያ ውርደት ነው።

«ከኬኩ በኋላ ሁለት ሜትፎርሚን ዋጥ» የምትለዋ ምክርም ሽልማት ይገባት ነበር። ሜትፎርሚን የሚባለው ክኒን በዋናነት ጉበት የሚለቀውን ስኳር ይቀንሳል እንጂ ኬክ አያሳድድም። ሲደረብ ፈጥኖ የሚሰማው ሆድ ነው።

የኢንሱሊኑ ጀግና ከዚህም ይብሳል። ከበላ በአንድ ሰዓቱ ይለካና 260 ሲያይ ይወጋል፤ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይደግማል። ፈጣኑ ኢንሱሊን ለ4 ሰዓት ገደማ ስለሚሠራ መርፌዎቹ ይደራረቡና የደም ስኳሩን እኩለ ሌሊት ላይ አብረው ያወርዱታል። አልኮል ከተጨመረበት ጉበትም ስኳር ማውጣቱን ያቆማል፤ መውረዱ እስከ ነገ ጠዋት ሊዘልቅ ይችላል። የበዓል ሐኪሞች ደግሞ የሌሊት ተራ የላቸውም።

መቼም እንግዳ ፊት መለኪያ ማውጣት ነውር ነው። ደፍሮ ያወጣውም ክሬም በነካ ጣቱ ይለካና ጣቱ ላይ ላለው ስኳር ኢንሱሊን ይወጋለታል። እጅን በውኃ ታጥቦ ማድረቅ፣ ከመጀመሪያው ጉርሻ 2 ሰዓት ቆጥሮ መለካት፣ እንደ አብዛኛው አዋቂ ከ180 በታች መጠበቅ፣ ኬኩ ቅባት ከበዛበት በ4ኛው ሰዓት እንደገና መለካት፤ ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ምን ዓይነት በዓል አከበረ ይባላል?

አለ ግን እንዲህ ያለ ጨዋታ አበላሽ። ቁርሱን በሰዓቱ ይበላል። ከትሪው የሚወደውን አንዱን ብቻ መርጦ ከአትክልቱና ከሥጋው በኋላ ያቆየዋል፤ ለሱ ሲል ዳቦውን ይተዋል። እውነተኛው ሐኪሙ ለ10 ግራም ካርቦሃይድሬት 1 ዩኒት ኢንሱሊን ብሎት ከሆነ ለ40 ግራሙ 4 ዩኒት ከመብላቱ በፊት ይወጋል። ከዚያ «መጣሁ» ብሎ 15 ደቂቃ በእግሩ ዞሮ ይመለሳል። ሲመለስ ሳህኑ እንደገና ሞልቶ ይጠብቀዋል፤ ባለቤቲቱም አኩርፋለች፦ «ኬኬን ናቅከው አይደል?»