ቋንጣ ያለ ፀሐይ

እናቴ ቋንጣ የምትዘለዝለው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ደረቁ ነፋስ ሲጀምር። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የበጋ አየሯ ሥጋ ለማድረቅ የተሠራ ይመስላል። ሥጋው በጨውና በበርበሬ ታሽቶ ገመድ ላይ ይሰቀላል። በጥቂት ቀን ውስጥ እንጨት ይሆናል። የእኛ የልጆች ሥራ መጠበቅ ነበር። ከድመት፣ ከአሞራ፣ ድንገት ከሚመጣ ደመና።

አሁን የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚህ በሐምሌ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። አየሩ ግን ውሃ ያዘለ ነው። ፀሐይ ላይ ለማድረቅ ደግሞ ሙቀት ብቻውን አይበቃም፤ የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል። የኪራይ ውላችንም በረንዳ ላይ ነገር መስቀል ይከለክላል። ከአገር ቤት እንዳላስመጣ፣ ቋንጣ ቢደርቅም ሥጋ ነው፤ የአሜሪካ ጉምሩክ አያሳልፈውም። ስለዚህ ማድረቂያ ማሽን ገዛሁ።

የመጀመሪያው ርካሽ ነበር። ክብ ነው፣ ትሪዎቹ እንደ ምሳ ዕቃ ይደራረባሉ፣ ፋኑና ማሞቂያው ከታች ናቸው። ለፖም ቁራጭ ምንም አይልም። ቋንጣ ሳደርግበት ግን የታችኛው ትሪ ሲደርቅ የላይኛው እርጥብ ነው። በየሰዓቱ ትሪ ማገላበጥ ሆነ። ከሁሉ የከፋው፣ የሥጋው ውሃ ከነበርበሬው ማሞቂያው ላይ ተንጠባጠበ። ያንን ማጽዳት አይቻልም። ቤቱን ለቀናት የተቃጠለ በርበሬ ሸተተው።

ስለዚህ ለእኛ ምግብ የምመክረው ሳጥን መሰሉን ነው። ፋኑ ከኋላ ሆኖ አየሩን ወደ ጎን የሚነፍሰውን። ሁሉም ትሪ እኩል አየር ያገኛል፤ የሚንጠባጠበውም የሳጥኑ ወለል ላይ ይቀራል፣ ይወለወላል። ትሪ አውጥተህ ወፍራም ነገር ማስገባትም ትችላለህ። ኤክስካሊበር በዚህ ዓይነቱ የታወቀ ስም ነው። ቦታና ገንዘብ ከጠበበ፣ እንደ ኔስኮ ፋኑን ክዳኑ ላይ ያደረገ ተደራራቢም አለ። ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ያለውን ግን አትግዙ። ሙቀቱን መቀየር ካልቻላችሁ ማሽኑ ለአንድ ነገር ብቻ ይሆናል፦ በሶብላ 95 ፋራናይት ይበቃዋል፣ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከ125 እስከ 135 ይፈልጋሉ። ሙቀት ሲበዛ ቶሎ የሚደርቅ ይመስላል፤ ግን ውጪው ይጠነክርና ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይሻግታል።

ሥጋው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ሥጋው ከመድረቁ በፊት ውስጡ 160 ፋራናይት፣ ማለትም 71 ሴልሺየስ እስኪደርስ ይሙቅ ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። እርጥብ ሥጋ ውሃው እየተነነ ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ማሽኑ 140 ቢያሳይም ሥጋው እዚያ አይደርስም። ባክቴሪያው ደግሞ አብሮ ሲደርቅ ሙቀት ይለምዳል። «ቋንጣ ወጥ ውስጥ ይበስላል» የሚሉኝ አሉ። ልክ ነው፣ ግን ልጆቻችን ከሳህኑ እያነሱ እንደ ቺፕስ ይበሉታል። እኔ መጀመሪያ ኦቭን ውስጥ አሙቄ፣ በቴርሞሜትር ለክቼ ነው ወደ ማሽኑ የማስገባው። ጣዕሙ ትንሽ ይለያል። ለልጆቼ ስል እቀበለዋለሁ።

ከቋንጣው ይልቅ ያስደሰተኝ ድርቆሹ ነው። እዚህ እንጀራ በሦስት በአራት ቀን ይሻግታል፤ ሲጣል አንጀቴ ነው የሚላወሰው። አሁን የተረፈውን ቆራርጬ ማሽኑ ውስጥ አሳድረዋለሁ። 600 ዋት የሚወስድ ማሽን 8 ሰዓት ቢሠራ 4.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በእኛ ሰፈር ዋጋ አንድ ዶላር ገደማ ነው።

እህቴ ይህን ሰምታ «ለእኔም ላክልኝ» አለች። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው፤ አራተኛ ፎቅ። እውነቱን ነገርኳት። የአሜሪካው ማሽን በ120 ቮልት ነው የሚሠራው፤ የአገር ቤቱ መብራት 220 ነው። በቀጥታ ከሰካችው ይቃጠላል፤ ይህን ያህል ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ደግሞ ከባድም ውድም ነው። ከፈለገች እዚያው በ220 የሚሠራ ትፈልግ። መብራት መሃል ላይ ከጠፋ ደግሞ ግማሽ የደረቀ ሥጋ ሞቅ ባለ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ይህ ጨርሶ አለማድረቅ ይሻላል የሚያሰኝ ነው። ለሐምሌና ነሐሴ ሽንኩርትና ዝንጅብል ቢሆን እሺ። ለበጋ ግን ምን ያደርግላታል?

እናቴ ከጎኗ ሆና ትሰማ ነበር። ስልኩን ተቀብላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ሲደርቅ ማን ይጠብቀዋል?»

«ማንም አይጠብቀውም፣ እማዬ። ሰዓቱ ሲሞላ ራሱ ይጠፋል።»

ዝም አለች። ከዚያ ስለ ልጆቹ ጤና ጠየቀችኝ።

በጥር እንደገና ስደውል እህቴ ማረቆ በርበሬዋን ቀንጥሳ ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ አስጥታ ነበር። እሷ ሥራ ቦታ ናት። የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤቷ ወንበር አውጥተው አጠገቡ ተቀምጠዋል፤ የእሳቸውም በርበሬ እዚያው ተሰጥቷል። እናቴ ደግሞ ከመስኮት ሆና ሰማዩን ታያለች።