የድምቡሎ ዘመን ናፋቂዎች ይክበሩ

ዛሬ የድሮ ሱቅ ናፋቂዎችን ላመስግን። እነሱ ባይኖሩ ለሰፈር ሱቅ ማን ያለቅስለት ነበር? ደንበኛማ የለውም።

አንድ ወዳጄ በዚህ ሙያ ተወዳዳሪ የለውም። ባለፈው ሱፐርማርኬት ውስጥ ጋሪውን ሞልቶ ወረፋ ይጠብቃል። በአንድ እጁ ጋሪውን ይገፋል፣ በሌላው ስልኩ ላይ ስለ ሰፈሩ ሱቅ ሙሾ ይጽፋል። አነበብኩት። እውነት ለመናገር ያምራል። ከቆርቆሮው መስኮት ሥር በእግሩ ጣት ተንጠራርቶ፣ ባንኮኒውን በስሙኒ ኳ ኳ አድርጎ፣ «ባለሱቅ! ደስታ ከረሜላ!» ሲል ይታያችኋል። ስኳሩ በጋዜጣ ይጠቀለላል። ዘይቱ በሲኒ ይለካል። እጅ ተዘርግቶ «ምራቂስ?» ይባላል። ሒሳቡን 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ጨምሮ ሲከፍል ግን ምራቂ አልጠየቀም። ጨዋ ነው።

የማስታወስ ችሎታው ደግሞ ይገርማል። ማስቲካ ስንት ድምቡሎ እንደነበረ ዛሬም አይሳሳትም። ስኳሩ ውስጥ የነበረው ጠጠር፣ ጎደሎ ሚዛኑ፣ መልስ ጥሎ ቤት ሲገባ የቀመሰው ኩርኩም፣ በማታ ላምባ ግዛ ተብሎ ከውሻ ጋር የሮጠው ሩጫ፣ እነዚህ ሁሉ ተጠርገው ወጥተዋል። የዱቤ ደብተሩንማ ተዉት። «ሽሮ አንድ ኪሎ፣ ሳሙና ሁለት፣ ወር ሲደርስ» የሚለው ገጽ እስከ ዛሬ አልተሰረዘም። ባለሱቁም ይህንኑ ሳይረሳ ይኖራል። ሁለቱም ያስታውሳሉ ማለት ነው፣ የሚያስታውሱት ነገር ይለያያል እንጂ።

በዚህ ሙያ ብቻችንን አይደለንም። አሜሪካኖቹም «አምስትና አስር ሳንቲም» የሚሏቸው ሱቆች ነበሯቸው። ፍራንክ ዉልዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1879 በፔንሲልቬንያዋ ላንካስተር አንዱን ከፈተ፣ ስሙም አገሩን አዳረሰ። በአሜሪካ የቀሩት ሱቆቹ በ1997 ተዘጉ። ናፋቂዎቹ ዛሬም ከረሜላውን፣ አሻንጉሊቱን፣ ምሳ የሚበላበትን ባንኮኒ እያነሱ ይተክዛሉ። ባንኮኒው ሲነሳ ግን በ1960 በሰሜን ካሮላይናዋ ግሪንስቦሮ አራት ጥቁር ተማሪዎች እዚያው ተቀምጠው ቡና ቢያዙ እንደተከለከሉ የሚነግራችሁ ናፋቂ ብዙ አይገጥማችሁም። ምን ያድርጉ? ትዝታ ሲጣፍጥ ማን ቡና ያስታውሳል!

ወደ ወዳጄ ልመለስ። ባለፈው እሁድ ናፍቆቱ ጸናበትና ወደ ድሮ ሰፈሩ ይዞኝ ሄደ። ሱቁ አለ። ባለሱቁም አሉ፣ ሸብተዋል። ወዳጄ ዓይኑ እንባ አቀረረ። መስኮቱን ከግራ ፎቶ አነሳ፣ ከቀኝ አነሳ። ከዚያ ራሱን ከመስኮቱ ጋር አነሳ። ባለሱቁ በትዕግሥት ጠበቁት።

«ምን ልስጥህ ልጄ?»

«ኧረ ምንም አባባ። እንዲያው ናፍቆኝ ነው።»

መኪናው ጋ ከደረስን በኋላ እየሮጠ ተመለሰ። ደስ አለኝ፣ ቢያንስ አንድ ብስኩት ሊገዛ ነው ብዬ። ባንኮኒው ላይ 200 ብር ዘረጋ።

«አባባ፣ ለፓርኪንግ ነው፣ ዝርዝር ይኖርዎታል?»