የራሴን ባሕር ዛፍ ለምድጃዬ ለመቁረጥ የማን ደብዳቤ ያስፈልገኛል?

ባለፈው ሳምንት በሰሜን ሸዋ፣ በእኛ ወረዳ በተካሄደ ስብሰባ ላይ አንድ የሥራ ኃላፊ፣ ማንኛውም አርሶ አደር በገዛ ይዞታው ላይ የተከለውን ባሕር ዛፍ እንኳ ለማገዶ ከመቁረጡ በፊት አሁንም እንደ ቀድሞው የፈቃድ ደብዳቤ መያዝ እንዳለበት፣ ደብዳቤ የሌለው እንጨትም እንደሚወረስ ተናግረዋል። አንድ አዛውንት ከመካከል ተነሥተው «ለገዛ ምድጃዬ እኮ ነው፣ ልጄ» ሲሏቸው የሰጡት መልስ «አሁን መብራት ገብቷል፤ የእንጨት ዘመን አልፏል» የሚል ነበር።

ከዚህ መልስ እጀምራለሁ፤ ከተባለው ሁሉ ይህን ያህል ያስቆጣኝ የለምና። መብራት ገብቷል ማለት በእኛ ቀበሌ አንድ አምፖል በርቷል፣ ስልክም ቻርጅ ይደረጋል ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ኃይል ይስባል፤ አምፖሉ እንኳ በየምሽቱ በሚደክምበት መስመር ላይ አሥር ቤት አንድ ቀን ማለዳ ምጣድ ቢጥድ ምን እንደሚሆን ለመገመት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚጋግሩ ቤተሰቦች እንኳ ጉልቻቸውን አልጣሉም፤ መብራት የሚጠፋው ሊጡ ኩፍ ካለ በኋላ መሆኑን ያውቁታልና። ከመሐል ሜዳ ወዲያና ወዲህ ባለው ደጋ ደግሞ እሳት ለእንጀራ ብቻ አይነድድም፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሌሊቱን የሚያሳድር ሙቀት ነው። እንጨት ያጣ ቤት የሚያነድደው ኩበት ነው፤ ለማሳው ይሆን የነበረውን ፍግ በምድጃው እያቃጠለ በሚቀጥለው ዓመት ማዳበሪያ በብድር ይገዛል። የእንጨት ዘመን አልፏል የተባለው ይህን በየዕለቱ ለሚኖር ሕዝብ ነው።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ማገዶ ከምንም በላይ የጊዜ ሥራ መሆኑን ይህን መመሪያ ያሰቡት ሰዎች አያውቁም፤ ቢያውቁት ኖሮ ዛፍ የሚያስቆርጠው ራሱ ደብዳቤው መሆኑ ይገባቸው ነበር።

ከቆመ ዛፍ እስከ ምድጃ ያለውን መንገድ ከአባቴ ጋር በልጅነቴ ተምሬ እስከ ዛሬ በየዓመቱ እሄድበታለሁ። ዛፉ የሚመረጠው ክረምቱ እንደወጣ፣ በጥቅምት ነው። መጀመሪያ ዘንበል ያለበት ወገን ይታያል፤ በዚያ በኩል በመጥረቢያ አፍ ይከፈትለታል፤ ከዚያ ከጀርባው፣ ከአፉ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ መጋዙ ይገባል። በሁለቱ መካከል ጣት የሚያህል እንጨት ሳይቆረጥ መቅረት አለበት፤ ዛፉን እንደ በር ማጠፊያ ይዞ ወደ ተፈለገበት የሚያስተኛው እሱ ነው። ጉቶው ዝቅ ብሎ፣ ውኃ እንዳይቋጥር ጋደል ተደርጎ ይቆረጣል፤ ከሱ የሚያቆጠቁጡት ቀንበጦች ሁለት ሦስት ጠንካሮቹ ቀርተው ሌሎቹ ሲመለመሉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና ማገዶ ይሆናሉ። ደን ጨፈጨፈ የሚባለው ሰው ዛፉን የሚቆርጠው እንዲህ፣ ተመልሶ እንዲበቅል አድርጎ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚያጣድፈው ጉዳይ ይመጣል። ባሕር ዛፍ የሚፈለጠው እርጥብ ሳለ ነው። በወደቀ ሰሞን ሽብልቁን ስትመታው ጭረቱን ተከትሎ ይከፈታል፤ ግንዱ ሳይፈለጥ ሁለት ወር ከሰነበተ ግን ጉጡ መጥረቢያውን ነክሶ ይይዛል፣ የአንድ ቀን ሥራም ሦስት ቀን ይፈጃል። ካልተፈለጠ ደግሞ አይደርቅም፤ ውኃው ከነቅርፊቱ ግንዱ ውስጥ ታምቆ ይቀራል። አዲስ ከተቆረጠ 20 ኪሎ እንጨት ውስጥ ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋው ውኃ ነው፤ በደንብ ለመንደድ ይህ ከአምስት አንድ እጅ በታች መውረድ አለበት። ስለዚህ ፍልጡ ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ ላይ ይደረደራል፤ ጫፉ ለነፋስ፣ አናቱ ለክዳን ይሰጣል። ይህ ሁሉ የበልግ ዝናብ ከመድረሱ በፊት ማለቅ አለበት፤ በእኛ ደጋ የካቲትና መጋቢት ላይ ሰማዩ አይታመንም። በሰኔ ሁለት ፍልጥ አንሥቼ አጋጫለሁ፤ ቅው ብሎ ከጮኸ፣ ጫፉም እንደ ፀሐይ ጨረር ከተሰነጣጠቀ፣ ለክረምቱ ደርሷል።

አሁን ደብዳቤውን እዚህ መካከል አስገቡት። ማመልከቻው በመስከረም ይገባል፤ ባለሙያው መስክ ወጥቷል፣ ማኅተሙ ስብሰባ ሄዷል፣ ተመልሳችሁ ኑ ይባላል፤ ፈቃዱ በግንቦት ይደርሳል። በግንቦት የተቆረጠ እንጨት በሐምሌ ይነድዳል፤ ይነድዳል ከተባለ። ምድጃው እንጀራውን ከማብሰሉ በፊት ውኃውን ማትነን አለበትና በቤታችን በደረቅ ፍልጥ አንድ ሸክም የሚፈጀው ጋገራ በእርጥቡ ሁለት ሸክም ይበላል። ምርጥ የሚባለውን የተሸፈነ ምድጃ ብትጠቀሙ እንኳ እርጥብ እንጨት ይጨሳል እንጂ አይነድድም። እናቴ በክረምት ከማዕድ ቤት ስትወጣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ነው፤ ያንን ጭስ የጨመረባት እንጨቱን በጊዜው እንዳንቆርጥ የከለከለን ወረቀት ነው። አንድ ዛፍ የሚበቃውን ቤት ሁለት ዛፍ የሚያስቆርጥ መመሪያ የደን ጥበቃ ሊባል አይችልም።

ፈቃዱ የተፈጥሮ ደንን ለመጠበቅ ነው ይላሉ። በወፍ ዋሻ የተፈጥሮ ደን ያለው ጽድና ዝግባ ሊነካ እንደማይገባ ከእኔ ጋር የሚከራከር የለም፤ ባሕር ዛፍ ከምንጭ አጠገብ መተከል እንደሌለበትም አምናለሁ። ነገር ግን ጽድ የሚቆርጠው ሰው በሌሊት ይሄዳል እንጂ ማመልከቻ ይዞ በቢሮ ደጅ አይሰለፍም። የሚሰለፈው የተከለው ብቻ ነው። በደረቁ ጦስ እርጥቡ ነደደ የሚባለው ይህ ነው። የጽድ ፍልጥ ቀልቶ፣ ሽታው ከሩቅ ይጣራል፤ ይህን ከባሕር ዛፍ መለየት የማይችል ተቆጣጣሪ ደብዳቤ አንብቦ ምን ሊጠብቅ ነው? በ2010 የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የግል ደንን በስሙ ጠርቶ እውቅና ሰጥቶታል፤ ባለቤቱ ለምድጃው እንኳ የማያዝበት ንብረት ግን የግል ተብሎ ሊጠራ አይገባም። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ፣ ወደ አገራችን የመጣውም የማገዶ እጥረት ስለጸና ነበር።

ቁጥጥር አያስፈልግም አላልሁም። የመንዝ ሰው የጓሳን የጋራ የሣር መሬት ለዘመናት የጠበቀው ቄሮ በሚባለው የራሱ ባህላዊ ሥርዓት ነው፤ መሬቱ ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲከፈትም በበጋ ይከፈታል፣ ክረምት ሲገባ ተመልሶ ይዘጋል። ሳሩንም ማገዶውንም የሚያውቁ ሰዎች ያወጡት ሕግ ስለነበር ሰዓቱን ከዝናቡ ጋር አስማምተውታል። ቀበሌውም የየሰዉን ባሕር ዛፍ አንድ ጊዜ ይመዝግብ፤ ለቤቱ ማገዶ የሚቆርጥ ሰው ለሊቀ መንበሩ በቃል አሳውቆ በጥቅምት ይቁረጥ። ለሽያጭ በመኪና የሚጭነውን ደብዳቤ ይጠይቁት።

ባለፈው መስከረም ለአራት ዛፍ አመልክቼ ነበር። አራቱንም ቅርፊታቸውን ላጥ አድርጌ ምልክት አድርጌባቸዋለሁ፤ ዛሬ የካቲት ገብቷል፣ የተላጠው ቦታ ጠቁሯል፣ ዛፎቹም እንደቆሙ ናቸው። ትናንት ማታ ከጣርማ በር በኩል ደመና መጣ፤ በግድግዳችን ሥር የቀረው ያምናው ፍልጥ ከሁለት ሳምንት አያልፍም።