ካርታችሁ ፍራሽ ሥር፣ ከተማችሁ ሜዳ ላይ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የቤታችሁ ካርታ የት ነው ያለው? አውቃለሁ፣ ሳጥን ውስጥ ነው፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከጋብቻ ወረቀትና ከልጆች የክርስትና ካርድ ጋር። እናቴ የእሷን ፍራሽ ሥር ነው የምታስቀምጠው፤ እዚያ አልጋ ላይ እንግዳ አታስቀምጥም። ጥሩ ነው። አሁን ሁለተኛው ጥያቄ። የከተማችሁን ካርታስ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ያ ቤታችሁ የቆመበት መሬት በሚቀጥሉት 10 ዓመታት መንገድ ይሁን፣ መናፈሻ ይሁን፣ ባለ አራት ፎቅ ይሁን የሚለውን?

ዝም አላችሁ። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ዝም ከሚሉት ነበርኩ።

ይሄን የምጽፈው ለከንቲባ አይደለም። ለከንቲባ የሚጽፍ ሞልቷል። ለእናንተ ነው፤ ከደብረ ብርሃን እስከ አጣዬ፣ ከመሐል ሜዳ እስከ አረርቲ ላላችሁ የሰሜን ሸዋ ከተሜዎች። የምኖርባትን ከተማ ስም አልጠራም። ብጠራት እድሬ በቅጣት ይፈጀኛል፣ ደግሞም ነገሩ የአንድ ከተማ አይደለም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የከተማዋ ፕላን ሊከለስ ነውና ለውይይት ኑ ተባልን። በሞንታርቦ ሰፈር ለሰፈር ተለፈፈ። ሄድኩ። አዳራሹ ውስጥ ወንበር በሽ በሽ ነው፣ ሰው ግን የለም። ቆጠርኩ፤ 34። ከ34ቱ ግማሹ በደብዳቤ ታዝዞ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ግድግዳው ላይ በር የሚያህል ካርታ ተለጥፏል፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ። ባለሙያው በዱላ እያመለከተ «ቅይጥ አገልግሎት»፣ «የመንገድ ተዋረድ»፣ «የማዕከል መልሶ ማልማት» ሲል ከኋላዬ አንድ አባት ጋቢያቸውን ተከናንበው ያንኮራፋሉ። አልፈርድባቸውም። ቢያንስ እሳቸው መጥተዋል።

በሻይ ሰዓት አንዲት እናት ተነሥተው ካርታው ጋ ሄዱ። ከአውቶብስ ተራው ጀርባ ጠላ ይሸጣሉ። ማንበብ አይችሉም። ጣታቸውን ዋናው መንገድ ላይ አሳረፉና በጣታቸው መራመድ ጀመሩ። «ይቺ ቤተ ክርስቲያኗ ናት? እ። ይሄ ድልድዩ። ይሄ ወፍጮ ቤቱ።» ጣታቸው ቆመ። አረንጓዴ ላይ።

«ልጄ፣ ይሄ አረንጓዴው ምንድን ነው?»

«መናፈሻ ነው፣ እማማ።»

«እኔስ የት አለሁ?»

ባለሙያው ተጠራ። ይቆጣቸዋል ብዬ ነበር፤ ልጁ ግን ደስ ነው ያለው። እዚያ አረንጓዴ ውስጥ ስንት አባወራ እንዳለ፣ ስንቱ በጓሮው ሰርቪስ ቤት ሠርቶ እንደሚያከራይ፣ ክረምት ላይ ጎርፉ በየት በኩል እንደሚገባ እስከዚያች ሰዓት የነገረው ሰው አልነበረም። ቁጭ ብሎ ጻፈ። በሁለተኛው ረቂቅ ላይ አረንጓዴው ወደ ወንዙ ዳር ተስቦ አየሁት። አንዲት ጠላ ሻጭ በጣታቸው መናፈሻ ገፉ ማለት ነው።

አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ደብረ ብርሃንን ሲቆረቁሩ ሰማይ ላይ ብርሃን ታያቸው፣ በቃቸው። ስብሰባ አልጠሩም። ንጉሥ ናቸዋ! የዛሬው የፕላን ባለሙያ ግን ከሰማይ የሚያገኘው የሳተላይት ምስል ነው፣ ምስሉ ላይ የሚታየው ደግሞ ጣሪያ ብቻ ነው። ከጣሪያው ሥር ጠላ ይጠመቅ፣ ወፍጮ ይኑር፣ ሰባት ልጅ ይተኛ፣ እናንተ ካልነገራችሁት ከየት ያውቀዋል?

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። አባቴ መሐል ከተማ ሱቅ አለው። በፊት በነበረው ፕላን ጊዜ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ፣ ከትምህርት መልስ ሱቅ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ጠዋት አባቴ ሱቁን ሊከፍት ሲሄድ ግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም አገኘ። ኤክስ። መንገዱ ሊሰፋ ነው፣ ከሱቁ ሁለት ሜትር ይቆረጣል። «ማን ጠየቀኝ?» ብሎ ሰፈሩን አናወጠው። ሄዶ ፋይል አስወጣ። ጥሪው ተልኮልን ነበር፤ የተቀበለው ሰው ስምና ፊርማ ሳይቀር አለ። ስሙ የእኔ ነው። ወረቀቱን ምን እንዳደረግኩት ወዲያው ትዝ አለኝ። በርበሬ ጠቅልዬበታለሁ። የአንዲት ሴትዮ ሩብ ኪሎ በርበሬ በአባቴ ሁለት ሜትር ተጠቅልሎ ሄደ። ለአባቴ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም፤ ይሄን ካነበበ ዛሬ ማታ እራቴን ሌላ ቦታ ፈልጉልኝ።

እናንተስ ምን ምን ጠቀለላችሁበት?

«ማስተር ፕላን» የምንለው ነገር ሥዕል አይደለም፣ ሕግ ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መዋቅራዊ ፕላን ይለዋል፤ ዕድሜው 10 ዓመት ነው። ከሥሩ የአካባቢ ልማት ፕላን የሚባል አለ፤ የሰፈራችሁን የውስጥ መንገድ፣ የሕንፃውን ከፍታ፣ ምኑ ፈርሶ ምኑ እንደሚታደስ የሚናገረው እሱ ነው። አዋጁ ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት ይሰጥበት ይላል። አያችሁ፣ «በፊት» ነው የሚለው። እኛ የምንመጣው ዶዘሩ ሲመጣ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኛ ነን።

መሐል ከተማችን ደግሞ ዝም ብሎ አይደለም የደከመው። በ1967 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሁሉ ሲወረስ፣ ኪራያቸው ትንሽ የሆኑት በቀበሌ ሥር ገቡ። ዛሬም መሐሉን የያዙት እነዚያ የጭቃ ቤቶች ናቸው። ተከራዩ አያድሳቸውም፣ «የእኔ አይደለም» ይላል። ቀበሌው አያድሳቸውም፣ ኪራዩ ለሚስማር አይበቃም። ጎረቤት ያለው ባለይዞታ ላድስ ብሎ ፈቃድ ሲጠይቅ ደግሞ «ቦታው ለልማት ይፈለጋል፣ ፕላኑ እስኪከለስ ጠብቅ» ይባላል። ይጠብቃል። ቆርቆሮው ይዝጋል፣ ልጆቹ ይዳራሉ፣ እሱ ይጠብቃል። ገንዘብ ያለው ሰው ይሄን አይቶ ዳር ይወጣል። ደብረ ብርሃንን እዩዋት፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ቢራ ፋብሪካው፣ ዩኒቨርሲቲው፣ አዲስ የተገነባው ሰፈር ዳር ዳሩን ሲያበቅላት፣ መሐሏ ላይ አሁንም አያቴ በስም የሚያውቃቸው ቤቶች ጎብጠው ቆመዋል። ለአጣዬ ሰዎች ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይብሳል። በ2013 ከተማቸው ሲነድ ያዩ ናቸው፤ የማን ሱቅ የት እንደነበረ እነሱ ቆመው ካልተናገሩ ለካርታው ባዶ ቦታ ነው።

ስለዚህ ፕላን ሲከለስ መሐሉን ማነቃቃት የሚባለው ነገር አብሮ ይመጣል፣ ገንዘብም አብሮ ይመጣል። እዚህ ላይ ነው የእኛ ነገር የሚብስብኝ።

ድጋፍ ሲባል እኛ የምናውቀው ስንዴ ነው። ከላይ ይወርዳል፣ ተሰልፈን እንቀበላለን፣ ያነሰን እንደሆነ እናጉረመርማለን። የከተማ ድጋፍ እንደዚያ አይሠራም። የዓለም ባንክ በ2010 ዓ.ም 600 ሚሊዮን ዶላር ያጸደቀለት የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ፕሮግራም 117 ከተሞችን ያቀፈ ነበር፤ ከእሱ በፊት የነበረው 44 ከተሞችን ነበር የያዘው። ኮብልስቶኑ፣ የውሃ መውረጃው፣ የጥቃቅንና አነስተኛ ሼዱ ብዙው ከእንዲህ ዓይነት ገንዘብ የመጣ ነው። ገንዘቡ ግን በፈተና ነው የሚሰጠው። በየዓመቱ ገምጋሚ ይመጣል። ኦዲታችሁ እንዴት ነው? ግዢያችሁ በሥርዓት ነው? የራሳችሁ ገቢ አደገ? ሕዝቡን አማከራችሁ? ይላል። ውጤቷ ያነሰ ከተማ የምትወስደውም ያንሳል። በዚያ ላይ ከተማዋ ከራሷ ኪስ ድርሻዋን ታዋጣለች።

የራሷ ኪስ ማን ነው? እኔና እናንተ ነና። የቀን ገቢ ገማቾች መጡ ሲባል የሱቁን ግማሽ ዕቃ ጓዳ የምንደብቀው እኛ። «ደረሰኝ ይቅርብኝና ቀንስልኝ» የምንለው እኛ። ሕዝቡን አማከራችሁ ለሚለውም መልሱ ቃለ ጉባኤና የፊርማ ወረቀት ነው። 34 ፊርማ! ለአንድ ሙሉ ከተማ!

የተሰጠንንስ ምን አደረግነው? ከሱቃችን ፊት የውሃ መውረጃ ተሠርቶልን ነበር። ጥሩ ድንጋይ፣ ጥሩ ክዳን። ከክዳኖቹ አንዱ ሁለት ወር ሳይሞላው የአንድ ሰው ግቢ መግቢያ ድልድይ ሆኖ አገኘሁት፤ ስሙን አልናገርም፣ እሱ ራሱን ያውቃል። ሐምሌ ላይ ቦዩ ተዘግቶ ውሃው ሱቅ ገባ። ሱሪዬን ሰብስቤ በአካፋ ስዝቅ የወጣውን ልዘርዝርላችሁ፤ ፌስታል፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የጫት ገረባ፣ አንድ እግር ኮንጎ ጫማ፣ ዳይፐር፣ ከሥሩ ደግሞ የፓስታ ካርቶን፣ የእኛው ሱቅ ስም በእስክሪብቶ የተጻፈበት። የአባቴ እጅ ጽሑፍ ነው። ከዚያ ወዲያ ማንን ልሳደብ?

አሁን መሐል ከተማ ማስዋብ ሲባል ሁሉም ሰው ኮሪደር ልማትን ነው የሚያስበው። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ያየነው ወደ እኛም ከተሞች እየወረደ ነው። የእግረኛ መንገድ ሲሰፋ ደስ ይለኛል፣ መብራቱም ያምራል። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ በገበያ ቀን ከገጠር በግ እየነዳ የመጣ ገበሬ፣ ከደብረ ሲና ቆሎ ይዛ የመጣች ሴት፣ የት ይጸዳዱ? ፊቱ ቀለም ተቀብቶ ጀርባው መጸዳጃ የሌለው ሰፈር ምኑ ነው የታደሰው? ይሄን በስብሰባው ላይ የጠየቀ ሰው የለም። እኔም አፈርኩና ዝም አልኩ። ሽንት ቤት የሚለውን ቃል በማይክሮፎን መናገር ከበደኝ፤ በጥጋጥጉ መሽናት ግን ለማንም አልከበደም።

«ምን ዋጋ አለው፣ ተወስኖ ነው የሚመጣው» ትሉኛላችሁ። አንዳንዴ እውነታችሁን ነው። ግን ተወስኖ የመጣ ነገር ባዶ አዳራሽ ሲያገኝ ምን ይሆናል? በጭብጨባ ያልፋል። ነገ አቤቱታ ስትጽፉ ምን ላይ ልትቆሙ ነው? ቃላችሁ ቃለ ጉባኤ ላይ ከሌለ የለም። «ጊዜው ክፉ ነው፣ ነገ ሳይታወቅ ስለ 10 ዓመት ማን ያስባል» የሚለኝም ጓደኛ አለኝ። በዚህኛው አልቀልድም፣ ያየነውን አይተናል። እሱ ራሱ ግን ባለፈው ሳምንት ለቤቱ መሠረት አሸዋ ሲያስወርድ ነበር።

እድር ስብሰባ ስንቀር 50 ብር እንቀጣለን። ለዚያች 50 ብር ስንል እሁድ ጠዋት በዚያ ብርድ ጋቢ ደርበን እንወጣለን፣ ስም ሲጠራ «አቤት» እንላለን። የመሬታችን ስብሰባ ቅጣት የለውም ብለን እንተኛለን። አለው እንጂ፤ ዘግይቶ፣ በቀይ ቀለም ነው የሚመጣ። እኔ ባለፈው እሁድ ለእድራችን ሰብሳቢ ነገሩን አነሣሁ፤ የፕላኑን ውይይት እንደ ቀብር ቁጠሩት፣ የቀረ ይቀጣ አልኩ። ሳቁ። ሽማግሌዎቹ ግን አልሳቁም፤ ተያዩና «እስቲ ይጻፍ» አሉ።

ስትመጡ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። የጠላ ሻጯን አድርጉ። ቤተ ክርስቲያናችሁን ወይም መስጊዳችሁን ካርታው ላይ ፈልጉ፣ ከዚያ በጣታችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ። ቀለሙ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቁ። በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፣ ላልመጣው ጎረቤት አሳዩት። ካርታው ማብራሪያ ጽሑፍ አለው፣ እሱንም አምጡ በሉ፤ ብዙው ጉዳይ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። አስተያየታችሁን በቃል ብቻ አትተዉት፣ በጽሑፍ አስገቡና ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱ። ገቢ ያልሆነ ወረቀት እዚህ አገር ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። የመሐል ከተማው ገንዘብ ምን ላይ እንደሚውልም ያን ዕለት ጠይቁ፤ ቀለም ላይ ነው? ቦይ ላይ ነው? መጸዳጃ ላይ ነው? ዘንድሮ የመጸዳጃውን ጥያቄ እኔ እጠይቃለሁ፣ ማይክሮፎኑን ስጡኝ ብቻ።

ሁለተኛው የጥሪ ደብዳቤ ትናንት መጣ። ተቀብዬ ፈረምኩ። በርበሬ አልጠቀለልኩበትም፤ ከሚዛኑ በላይ ግድግዳው ላይ በሚስማር መትቼዋለሁ፣ ስኳር የሚገዛም ዘይት የሚገዛም ሚዛኑን ሲያይ አብሮ ያየዋል። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። እናቴም ትመጣለች፣ ካርታዋን ከፍራሹ ሥር አውጥታ።