ከአውሎ ነፋሱ ቀድሞ ኢሜይሉ ደርሶ ነበር

በጳጉሜን 2015 «ዳንኤል» የተባለው አውሎ ነፋስ የሊቢያዋን ደርና ከተማ ሲመታ ሁለት ግድቦች ተደርምሰው ከተማዋን ጎርፍ ጠረጋት። በዚህ ጉዳይ የደርና የወንጀል ችሎት ሐምሌ 21 ቀን 2016 በ12 ባለሥልጣናት ላይ ከ9 እስከ 27 ዓመት እስር ፈርዷል። አራት ተከሳሾች በነፃ ተሰናብተዋል። የተፈረደባቸው ግድቦችን የማስተዳደር ኃላፊነት የነበረባቸው ናቸው ተብሏል። ስማቸው ግን አልተነገረም።

ወደ ፍርዱ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ያናደደኝ ከፍርዱ ጋር እንደገና ብቅ ያለው ሰበብ ነው። አውሎ ነፋሱ ከቦታው ውጭ የመጣ እንግዳ ነበር፤ በረሃ ጫፍ ላይ ሃሪኬን የመሰለ ነገር ይመጣል ብሎ ማን ይጠብቃል፤ በተፈጥሮ ሥራ ሰው ይታሰራል ወይ? ክርክሩ ይኸው ነው። ይህን ወሬ ካስጀመሩት አንዱ የምሥራቅ ሊቢያው ፓርላማ አፈ ጉባኤ አጊላ ሳሌህ ናቸው። ያውም አስከሬን ገና ከባሕር እየተለቀመ ሳለ። እንዲህ ብናደርግ ኖሮ፣ እንዲያ ባናደርግ ኖሮ አትበሉ፤ የደረሰው ወደር የሌለው የተፈጥሮ አደጋ ነው አሉ።

እሺ፣ እንግዳው የመጣበትን መንገድ እንይ።

ሜዲትራኒያን ላይ ሃሪኬን የሚመስሉ አውሎ ነፋሶች በአማካይ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ይነሣሉ። ባለሙያዎች «ሜዲኬን» ይሏቸዋል። ከአትላንቲኮቹ ያንሳሉ እንጂ እነሱም ይሽከረከራሉ፤ እነሱም ጉልበት የሚያገኙት ከሞቀ ባሕር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 «ያኖስ» ግሪክን መትቷል (ከጳጉሜን 2015 እና ከሐምሌ 2016 በቀር እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው)። «ዳንኤል»ም የጀመረው እዚያው ግሪክ ነው። ዛጎራ የምትባል የተራራ መንደር ላይ በአንድ ቀን 754 ሚሊ ሜትር ዝናብ አወረደ። የቴሳሊ ሜዳ ሐይቅ ሆነ። ሰው ሞተ። ዓለም በቴሌቪዥን አየው። ከዚያ ወደ ደቡብ ዞረና በጋውን ሙሉ ሲሞቅ በከረመው ባሕር ላይ እያዘገመ ቤንጋዚ አካባቢ የብስ ረገጠ። ከዛጎራ ዝናብ እስከ ሊቢያ አምስት ቀን ፈጅቷል። አምስት ቀን ሙሉ በሳተላይት ሲታይ የሰነበተ ነገር «ያልተጠበቀ» ተባለልን።

ደግሞ የሊቢያ ሚቲዎሮሎጂ ማዕከል ዝም አላለም። ከ72 ሰዓት በፊት አስጠንቅቋል። ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ኢሜይል ልኳል፤ በመገናኛ ብዙኃንም ተናግሯል። በምሥራቅ ሊቢያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር። ላልጠበቁት ነገር ነው አዋጅ ያወጁት?

እውነተኛ እንግዳ ማየት የሚፈልግ ብራዚልን ይይ። በመጋቢት 2004 «ካታሪና» ሲመጣ ደቡብ አትላንቲክ ላይ ሃሪኬን ተመዝግቦ አያውቅም ነበር። የአገሪቱ ባለሙያዎች ሃሪኬን ነው፣ አይደለም እያሉ ይከራከሩ ነበር። ክርክሩ ሳያልቅ ግን ሕዝቡ ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ የሞቱት ጥቂት ናቸው። አየርላንድን ይይ። በጥቅምት 2017 «ኦፊሊያ» አትላንቲክ ላይ ካሉት የአዞረስ ደሴቶች አጠገብ ከባድ ሃሪኬን ሆና ወደ ሰሜን ገሰገሰች። አየርላንድ ስትደርስ የሃሪኬንነት ባሕርይዋን ለቅቃ ነበር፤ ነፋሱ ግን ነፋስ ነው። መላ አገሪቱ ቀይ ማስጠንቀቂያ ውስጥ ገባች፤ ትምህርት ቤቶች ለሁለት ቀን ተዘጉ። ሦስት ሰው ሞተ። ሃሪኬን አየርላንድ ምን ይሠራል ብሎ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ባለሥልጣን አልሰማሁም።

ሊቢያ እኮ ጦርነት ላይ የከረመች፣ ለሁለት የተከፈለች አገር ናት ይሉኛል። አውቃለሁ። ግን በዚያ ምሽት ደርና ውስጥ ሰዓት እላፊ ታውጇል። ነዋሪዎች ከቤታችሁ አትውጡ ተባልን ይላሉ። ከንቲባው ደግሞ ውጡ ብለን አዘናል ብለዋል። ሰውን ቤቱ ለመቆለፍ አቅም ያለው መንግሥት ሰውን ለማስወጣት ሲሆን አቅም ያጣል? በወቅቱ የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ፔተሪ ታላስም በአግባቡ የሚሠራ የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ቢኖር አብዛኛው ሕይወት ይተርፍ ነበር ብለዋል። «ቢኖር ኖሮ» አትበሉ የሚለው ትእዛዝ እሳቸውን አላስፈራቸውም።

አሁን ወደ ግድቦቹ። ወንዙ በከተማዋ መሐል ያልፋል። ከደርና 13 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ አቡ መንሱር አለ፤ ከፍታው 75 ሜትር ገደማ። ታች፣ ከከተማው አፍንጫ ሥር፣ አል ቢላድ አለ፤ እሱ 45 ሜትር ነው። ሁለቱም መሐላቸው ሸክላ አፈር፣ ውጫቸው ድንጋይ ነው። ውኃ አናታቸው ላይ ከወጣ አፈሩን እየሸረሸረ ይበላቸዋል። ለምን ተሠሩ? ጎርፍ ስላለ ነዋ! በ1959 ጎርፉ ከተማዋን ጎድቷታል። ለዚህ ሲባል አንድ የዩጎዝላቪያ ድርጅት በ1970ዎቹ ገነባቸው። በ1986 ሌላ ጎርፍ መጣና ጎዳቸው። በ1998 መሰንጠቃቸው ታወቀ። አንድ የጣሊያን ድርጅት መርምሮ ስንጥቁን አረጋገጠ፤ ሌላ ግድብ ጨምሩ አለ። በ2007 ጥገናው ለአንድ የቱርክ ድርጅት ተሰጠ። ሥራው በ2010 ተጀመረ፤ በ2011 በጋዳፊ ላይ አመጹ መጣና ቆመ። በ2012 እና በ2013 ከ2 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ለጥገና ተመድቦ እንደነበር፣ ጥገናው ግን እንዳልተሠራ የኦዲት ሪፖርት በ2021 ጻፈ። በ2022 የዑመር አል ሙኽታር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ግድቦቹ በአስቸኳይ ይጠገኑ፤ ትልቅ ጎርፍ ከመጣ ሸለቆው ውስጥና ከተማው ውስጥ ያለው ሕዝብ ያልቃል ብሎ አሳተመ።

ፀሐይ የሞቀው አገር ያወቀው ነገር ነበር። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥፋቱ የአውሎ ነፋሱ ነው የሚለኝ ሰው ያቃጥለኛል።

ዝናቡ ብዙ ነበር፣ እሱን አልክድም። በዚያው በምሥራቅ ሊቢያ ባለችው አል በይዳ ከተማ ላይ በ24 ሰዓት 414 ሚሊ ሜትር ወርዷል። ቢጠገኑም አይችሉትም ነበር የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ይሁን። ታዲያ ግድቡ የማይችለው ከሆነ፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ፣ እኛ እንቁጣጣሽን ስንጠብቅ፣ የደርና ሰው እዚያ ሸለቆ ውስጥ ምን ያደርግ ነበር? ውኃው ፎቅ ቤቶችን ከነሰዎቹ ገፍቶ ባሕር ከተታቸው። የሞተው በሺዎች ነው፤ ትክክለኛውን ቁጥር እስከ ዛሬ የተስማማበት የለም።

ይህን የጻፍኩት በሐምሌ 2016 በደቡብ ኢትዮጵያ ጎፋ ዞን በመሬት መንሸራተት ለሞቱት የታወጀው ብሔራዊ ሐዘን ባበቃ ማግሥት ነበር። ጎፋ ላይ ማንንም ለመክሰስ አልቸኮልኩም፤ አፈሩ ገና አልደረቀም ነበር። ግን «የተፈጥሮ አደጋ» ተብሎ ነገሩ እንዲዘጋ የሚቸኩሉ ሰዎችን ማየት ሰልችቶኛል፤ ሊቢያም ይሁኑ እዚህ።

ፍርዱስ? ይበል ነው፤ ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይመስላል። የግድብ ሹሞች ታሰሩ። ሦስቱ በሕገወጥ መንገድ ያገኙትን ገንዘብ ይመልሱ ተብሏል። ያን ምሽት ሰዓት እላፊውን ያዘዘው፣ ውኃ ሊመጣበት ያለውን ሕዝብ ቤትህ ቆይ ያለው ማን እንደሆነ ግን ከፍርዱ ዜና ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም።