ዋት መቁጠር ቁጥጥር አይደለም

የአማተር ሬዲዮ (ሰዎች ለትርፍ ሳይሆን ለፍላጎታቸው በራሳቸው ማስተላለፊያ ከሩቅ ሰው ጋር የሚገናኙበት ሬዲዮ) የኃይል ጣሪያ 10 ዋት ይሁን፤ ያን ጊዜ የኤፍኤም አድማጭ እፎይ ይላል። ሰሞኑን ካዛንቺስ በአንድ ሆቴል በተካሄደ ውይይት የተሰነዘረው ሐሳብ ይህ ነው። አጨብጫቢም አላጣም። የሚያስደንቀው ተናጋሪው ራሳቸውን የሞገድ ባለሙያ ብለው ማስተዋወቃቸው ነው።

ኃይል ሲቀንስ ረብሻው ይጠፋል? እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። ለአማተሮች በተፈቀደው ባንድ፣ በ14.014 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ማስተላለፊያ ትርፍ ሞገድ የሚያስቀርለት ማጣሪያው ከተበላሸ ሰባተኛ ሃርሞኒኩ (በሰባት እጥፍ ፍሪኩዌንሲ የሚወጣው ያልተፈለገ ቅጂ) የሚያርፈው 98.1 ላይ ነው፤ ኤፍኤም መሀል! ፒያሳ አንድ ፎቅ ላይ የተተከለ፣ ማጣሪያ የሌለው ባለ 10 ዋት ማስተላለፊያ የጎረቤቱን ሬዲዮ ሲያንጫጫ ሊውል ይችላል። ማጣሪያው የተስተካከለ ባለ 400 ዋት ደግሞ እዚያው ሰፈር ሆኖ መኖሩም ላይታወቅ ይችላል። የሚረብሸው የሞገዱ ቆሻሻ እንጂ የዋቱ ብዛት አይደለም። ከ100 ወደ 10 ዋት መውረድ 10 ዲሲቤል (የሲግናል ጥንካሬ ልዩነት መለኪያ) ነው፤ በመቀበያው መለኪያ ሁለት ነጥብ እንኳን አይሞላም። ግድግዳ ማዶ ላለ ሬዲዮ ይህ ምንም ነው። ከዚህ ተነሥቶ ቶኪዮ ላይ ከጫጫታው ጋር ለሚታገል ደካማ ድምፅ ግን የሞት የሽረት ጉዳይ ነው።

ደግሞስ 10 ዋት የት ላይ ተለክቶ? ማስተላለፊያው ጀርባ ላይ ነው ወይስ አንቴናው ጋ? ማስተላለፊያውን ከአንቴናው የሚያገናኝ ያረጀ ኮአክሲያል ገመድ ግማሹን በመንገድ ያስቀረዋል። ኃይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሰበስብ ጥሩ አንቴና ደግሞ ያንኑ 10 ዋት እንደ 100 ያደርገዋል። ዓለም ይህን ስለሚያውቅ ነው እ.ኤ.አ. በ2015 በ5 ሜጋኸርዝ አካባቢ ለአማተሮች ጠባብ ባንድ ሲፈቀድ፣ የ15 ዋቱ ገደብ የአንቴናውን ጉልበት ጭምር አስልቶ የተቀመጠው። አሜሪካ እስከ 1500 ዋት ትፈቅዳለች፤ ያው ሕግ ግን ለግንኙነቱ ከሚያስፈልገው በላይ አትጠቀሙ ይላል፤ በ10 ሜጋኸርዝ ባንድ ደግሞ ከ200 እንዳታልፉ። ገደብ እንዲህ በምክንያት ሲቀመጥ ማንም አይጣላውም። ብዙ ዋት የሚጠቀም ሰው አንቴናውን ከሰው ማራቅ እንዳለበትም አልክድም።

እኛ ዘንድ የቀረበው ግን አንድ ባዶ ቁጥር ነው። በውይይቱ ላይ ሬዲዮዬ ተረበሸብኝ ብሎ የተነሣ አድማጭ አልነበረም፤ የተለካ ነገርም አልታየም። ጣሪያው ለምን 9 ወይም 11 እንዳልሆነ ሲጠየቁ ባለሙያው ሰዓቱ አልቋል አሉ።